የምትሸሸው ነበልባል

ባለፈው ሐሙስ፣ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ነበልባሏ ቆመችልኝ።

ዓይኔን ጨፍኜ ማለቴ ነው። ሻማን ትኩር ብላችሁ አይታችሁ ዓይናችሁን ስትጨፍኑ የምትቀር የብርሃን ምስል አለች አይደል? የምላችሁ እሷን ነው። አሥር ወር ሙሉ አስቸግራኛለች። ልያት ስል ወደ ታች ትንሸራተታለች። ስከተላት ትሸሻለች። ስታገላት ትጠፋለች። ሐሙስ ዕለት ግን መሀል ላይ ቁጭ አለች። መጀመሪያ ቢጫ ነበረች፤ ወደ አረንጓዴ ሄደች፤ ከዚያ ወይን ጠጅ ሆነች። ቀስ እያለች ደበዘዘች፤ እዚያው በተቀመጠችበት ጠፋች። ስነሳ እግሬ ደንዝዟል፤ ደስታዬ ግን ልክ አልነበረውም። ለእህቴ ልነግራት ብሄድ ተኝታለች። ስለዚህ ለእናንተ ልጻፈው፤ ትኩስ እያለ።

መነሻዬን በአጭሩ። ለማስተርስ ትምህርት ደቡብ ህንድ፣ ካርናታካ ግዛት፣ ማይሶር ከተማ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። ማይሶር በዮጋ ዓለም ስሟ ትልቅ ነው። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ታዋቂው የዮጋ መምህር ክሪሽናማቻርያ በጃጋንሞሃን ቤተ መንግሥት ያስተምሩ ነበር። ተማሪያቸው ፓታቢ ጆይስ ደግሞ በኋላ ጎኩላም በሚባለው ሰፈር ከዓለም ዙሪያ ሰው ይጎርፍላቸው ነበር። እኔ እዚያ አልተማርኩም፤ ክፍያው ከስኮላርሺፕ ብሬ ጋር አይተዋወቅም። እኔን ያስተማሩኝ ከተከራየሁበት ቤት ሦስት በር አልፎ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። በረንዳቸው ላይ ጠዋት ጠዋት ስድስት ሆነን ለሜዲቴሽን (በጸጥታ ልብን ለማሳረፍ) እንቀመጥ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ «አማ» ይላቸዋል፤ እኔም አማ አልኳቸው።

ስለ አቀማመጡ ብዙ አልልም። ጉልበቴ ሦስት ወር አሠቃይቶኝ ለቀቀኝ። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ፦ ጋቢ አራት አጥፋችሁ ከመቀመጫችሁ ሥር አድርጉ። ዳሌ ከጉልበት ከፍ ሲል ወገብ ራሱን ይችላል። ገበያ ላይ የሚሸጠው ክብ ትራስ አያስፈልጋችሁም። ስለ አተነፋፈሱም እዚህ አልገባም። የምጽፈው ስለ እጅና ስለ ዓይን ነው።

በእጅ ልጀምር። ሙድራ በሳንስክሪት «ማኅተም» ማለት ነው። አብዛኞቻችን ሙድራ ሲባል የሚታየን የጣት አያያዝ ነው። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ኋላ ሳነብ ግን ገረመኝ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ስቫትማራማ የተባለ የዮጋ መምህር ያዘጋጀው ሀታ ዮጋ ፕራዲፒካ የተባለ መጽሐፍ አሥር ሙድራዎችን ይዘረዝራል። ከአሥሩ አንዱም የጣት ምልክት አይደለም። ሆድን ወደ ውስጥ መሳብ፣ አገጭን ደረት ላይ መቆለፍ፣ ምላስን ወደ ኋላ አጥፎ ላንቃ ላይ ማሳረፍ፣ ተገልብጦ መቆም፤ ሁሉም መላ ሰውነትን የሚይዙ ናቸው። የጣቶቹ ምልክቶች በብዛት የሚገኙት በታንትራ (ምሥጢራዊ በሆኑ የህንድ አምልኮ) ሥርዓቶች፣ በቡድሃ ሐውልቶች እና በህንድ ውዝዋዜ ውስጥ ነው። ይህን የምጽፈው ለማጣጣል አይደለም። ከየት እንደመጣ ማወቁ ከእጃችን ምን መጠበቅ እንዳለብን ስለሚነግረን ነው።

እኔ የያዝኳቸው ሦስት ብቻ ናቸው። የመጀመሪያው ግያና ሙድራ ነው፤ የሌባ ጣትና የአውራ ጣት ጫፍ ይገናኛሉ፣ መዳፍ ጉልበት ላይ ወደ ታች ይደፋል። ያው አያያዝ መዳፉ ወደ ላይ ሲሆን እነ አማ ቺን ሙድራ ይሉታል። ሦስተኛው ድያና ሙድራ ነው፤ ቀኝ እጅ በግራ እጅ ላይ ጭን ውስጥ ይቀመጣል፣ የሁለቱ አውራ ጣቶች ጫፍ ይነካካል። ሐሳቤ ሲበተን መዳፌን እደፋለሁ። እንቅልፍ ሲጫጫነኝ ወደ ላይ እመልሰዋለሁ። ለእኔ ይሠራል።

ስለ ሌባ ጣት አንድ ነገር ካላልኩ አይሆንልኝም። በህንዶቹ አተረጓጎም ሌባ ጣት የግለሰቡ ነፍስ ናት፤ «እኔ፣ እኔ» የምትለው። አውራ ጣት ሁሉን የያዘው ታላቁ ነፍስ ነው። የቀሩት ሦስት ጣቶች ፍጥረት የተሠራባቸው ሦስቱ ጠባዮች ናቸው። ስለዚህ ሌባ ጣት ጎንበስ ብላ አውራ ጣትን ስትነካ ትንሹ ለትልቁ እጅ ነሳ ማለት ነው። አማ ይህን ሲያስረዱኝ ሳላስበው ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ለምን እንደሳቅሁ ጠየቁኝ። በእኛ ቋንቋ የዚህች ጣት ስም ሌባ፣ የዚያኛው ደግሞ አውራ እንደሆነ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ጣታቸውን አዩ። ከዚያ ደብተራቸውን አምጥተው በአማርኛ እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ። ጻፍኩላቸው። ፊደሉን በጣታቸው እየተከተሉ «ሌባው ጎንበስ ሲል» አሉ በእንግሊዝኛ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ እጄን ስይዝ አማርኛው ነው የሚመጣልኝ።

ዋናው ነገር ግን ቅርጹ ሳይሆን ግፊቱ ነው። ጫፍና ጫፍ ይነካካሉ እንጂ አይጫኑም። ቀጭን ወረቀት በመሀላቸው ቢገባ ሳይቀደድ ተስቦ መውጣት አለበት። የጃፓን ዜን (የቡድሂዝም ዘርፍ ነው) ተማሪዎችም ጭናቸው ውስጥ እጃቸውን ሲያስቀምጡ (እነሱ ግራውን በቀኙ ላይ ያደርጋሉ) አውራ ጣቶቻቸው ተራራም ሸለቆም እንዳይሠሩ ይነገራቸዋል። ሰው ሲታገል ጣቶቹ ተገፋፍተው እንደ ተራራ ይሾላሉ። ሲያንቀላፋ ይወድቃሉ። እጅ አይዋሽም። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። «ይህ የጣት አያያዝ ስኳርን ያድናል፣ ይህኛው ደም ግፊት ያወርዳል፣ ያኛው በ15 ቀን ታይሮይድ ያስተካክላል» የሚሉ ምስሎች በየስልኩ ይዞራሉ። አክስቴ ስኳር አለባት። አንዱን ምስል ልካ «አንተ ታውቃለህ፣ እውነት ነው ወይ?» አለችኝ። እንዴት እንደደነገጥኩ አልነግራችሁም። መድኃኒቷን ትታ ጣቷን ብትይዝስ? ደወልኩላት፤ ጣትሽን መያዝ አይጎዳሽም፣ ኪኒንሽን ግን አንድ ቀን እንዳታስተጓጉዪ አልኳት። በህንድ ባህላዊ አስተሳሰብ አምስቱ ጣቶች ከአምስቱ ባሕርያት ጋር ይዛመዳሉ፤ እሳት፣ ነፋስ፣ ሕዋ፣ ምድር፣ ውኃ። ደስ የሚል አስተሳሰብ ነው፤ አከብረዋለሁ። ከዚያ ተነስቶ ለበሽታ ማዘዝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሠላሳ ሙድራ የሚያስተምሯችሁን ተዉአቸው። አንዱን ይዛችሁ ዓመት ተቀመጡ።

አሁን ወደ ዓይን።

ዓይንን በአንድ ቦታ ማሳረፍ ድሪሽቲ ይባላል። በፓታቢ ጆይስ መስመር የዓይን ማረፊያዎቹ ዘጠኝ ናቸው፤ የአፍንጫ ጫፍ፣ የቅንድብ መሀል፣ እምብርት፣ እጅ፣ የእግር ጣት፣ አውራ ጣት፣ ቀኝ ጎን፣ ግራ ጎን፣ ወደ ላይ። እነዚያ ሰውነት ሲንቀሳቀስ የሚያዙ ናቸው። ተቀምጦ አንድን ነጥብ ትኩር ብሎ ማየት ደግሞ ትራታካ ይባላል። ስቫትማራማ ከስድስቱ የማጥሪያ ሥራዎች አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል። መመሪያው በጣም አጭር ነው፦ እንባ እስኪወርድ ድረስ ትንሽ ነጥብን ሳይወላውሉ ማየት።

«እንባ እስኪወርድ»። ያጠፋኝ ይህ ቃል ነው።

ዓይኔን ሳላርገበግብ የቆየሁበትን ጊዜ መቁጠር ጀመርኩ። ሰው በተለምዶ በደቂቃ ከ15 እስከ 20 ጊዜ ገደማ ዓይኑን ያርገበግባል። እኔ አንድ ደቂቃ ቻልኩ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት። ደብተሬ ላይ እየጻፍኩ እኮራ ነበር። አሁን መናዘዝ ካለብኝ፣ አንዳንዱን ቁጥር ጨምሬ ጽፌያለሁ። ማንም ለማያየው ደብተር። ሁለት ደቂቃ ከሃያ የነበረውን ሁለት ተኩል አደርገዋለሁ። ያን ሳስብ ዛሬም ደስ አይለኝም።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ነው ነገሩ የባሰው። ሥራዬ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ስክሪን ስናይ ደግሞ ዓይናችን የሚርገበገበው ከወትሮው ባነሰ ነው። ቀኑን ሙሉ የደረቀ ዓይን ጠዋት ደግሞ አፈጠጥኩበት። በአራተኛው ወር ዓይኔ ቀልቶ፣ አሸዋ የገባበት ይመስል ይቆረቁረኝ ጀመር። ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ድርቀት ነው ተባልኩ፤ ጠብታ ታዘዘልኝ፣ ሦስት ሳምንት አረፍኩ። ሐኪሙ ስለ ሻማው ስነግረው አልተቆጣኝም። «ዓይንህ ሲርገበገብ ራሱን እያጠበ ነው፤ ለምን ትከለክለዋለህ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

በዚያ ሰሞን ለአማ ደወልኩ። ይስቁብኛል ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። «እንባው ይመጣል የተባለው ሲመጣ ነው፤ አምጣው አልተባልክም» አሉኝ። አሁን ዓይኔ ሲፈልግ ይርገበገባል። እንባ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ አይመጣም። መቁጠሩን ትቻለሁ።

ሌላ የተሳሳትኩበትም አለ። ነበልባሏን ጥቂት ካየሁ በኋላ ግድግዳው ይጠፋ ነበር። በርጩማው ይጠፋል፣ መጋረጃው ይጠፋል፣ በጨለማ ውስጥ እሷ ብቻ ትቀራለች። ትልቅ ደረጃ የደረስኩ መስሎኝ ለአንድ ጓደኛዬ በኩራት ጽፌለት ነበር። ለካስ ነገሩ ማንም ላይ የሚደርስ ነው። ትሮክስለር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ሐኪም በ1804 (እ.ኤ.አ.) ጽፎታል። ዓይን በአንድ ነጥብ ላይ ሲያርፍ ዳር ዳር ያለው የማይለዋወጥ ምስል ከአእምሮ እየደበዘዘ ይጠፋል። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ቅር አለኝ። በኋላ ግን ወደድኩት። ግድግዳው መጥፋቱ ቅድስና ባይሆንም ዓይኔ በእርግጥ ማረፉን ይነግረኛል። ግድግዳው ተመልሶ ብቅ ሲል ደግሞ ዓይኔ ሄዷል ማለት ነው።

የምትሸሸው ግን ከዚህ ሁሉ በላይ አስቸጋሪ ነበረች።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ነበልባሏን ጥቂት ደቂቃ ታያላችሁ። ዓይናችሁን ትጨፍናላችሁ። የቀረችውን ምስል ከፊታችሁ፣ በቅንድብ መሀል አካባቢ፣ ትመለከታላችሁ። ስትጠፋ ዓይናችሁን ገልጣችሁ ትደግማላችሁ። በወረቀት ላይ ቀላል ነው። እኔ ግን ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ምስሏ መጀመሪያ ሽቅብ ትወረወራለች፣ ከዚያ ትወርዳለች። ልያት ብዬ ወደ ታች ሳይ ይበልጥ ትወርዳለች። ደረቴ ጋ እስክትደርስ ተከትያታለሁ። ግንባሬ ይኮሳተራል፤ ጆሮ ግንዴን ያመኛል። አንዳንድ ቀን ከልምምዱ ስነሳ ከመቀመጤ በፊት ከነበርኩት ይበልጥ ተበሳጭቼ ነበር።

ምክንያቱን ለማግኘት ስለ ዓይን አሠራር ማንበብ ነበረብኝ። ምስሏ ውጭ ያለች ነገር አይደለችም። ብርሃኑ ሬቲና (በዓይን ውስጥ ከኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ላይ ባረፈበት ቦታ ብርሃን የሚቀበሉት ሕዋሳት ደክመዋል፤ የምናየው የድካማቸውን አሻራ ነው። አሻራው ሬቲናው ላይ የታተመ ስለሆነ ዓይን በዞረበት ይዞራል። አሻራው ከመሀል ጥቂት ዝቅ ብሎ ከታተመ፣ ዝቅ ብዬ ላየው ስሞክር ዓይኔ ይወርዳል፤ እሱም አብሮ ይወርዳል። ጥላውን ለመያዝ እንደሚሮጥ ልጅ ማለት ነው። ልጁ ሲፈጥን ጥላውም ይፈጥናል።

ስለዚህ ጥያቄው ተቀየረ። እንዴት ልያዛት ሳይሆን፣ ለምን ከመሀል ወጥታ ታተመች? መልሱ ከመጨፈኔ በፊት ባለው ደቂቃ ውስጥ ነበር። ነበልባሏን የማይ መስሎኝ ላዩዋ ላይ ስዞር ነበር። አንዴ ጫፏን፣ አንዴ ክሩን፣ አንዴ ከክሩ ሥር ያለውን ሰማያዊ። አማ በመጀመሪያው ሳምንት «ከክሩ ጥቁር ራስ በላይ ያለችውን ደማቅ ነጥብ ብቻ» ብለውኝ ነበር። ደብተሬ ላይ ተጽፎ አገኘሁት። ጽፌው አልሰማሁትም። የነበልባል ጫፍ ይወዛወዛል፤ ከክሩ ራስ በላይ ያለችው ነጥብ ግን ብዙም አትነቃነቅም። እዚያ ላይ ስታርፉ አሻራው ልክ መሀል ላይ ይታተማል።

የሽቅብ ውርወራዋም ምክንያት ነበረው። ዓይናችንን በኃይል ስንጨፍን ብሌናችን ወደ ላይ ይዞራል። እኔ ደግሞ በር እንደሚዘጋ ሰው ነበር የምጨፍነው። አሁን የዓይኔን ቆብ እንደ መጋረጃ ቀስ አድርጌ እለቀዋለሁ። ውርወራው በአንድ ሳምንት ውስጥ ቆመ።

እዚህ ድረስ በሁለት ወር ደረስኩ። መንሸራተቷ ቀነሰ፤ አልጠፋም። የቀረው ፍላጎቴ ነበር። ላያት ስለምጓጓ ዓይኔ አሁንም ይነቃነቃል። እዚህ ላይ ነው ወደ እጅ የምመለሰው።

አንድ ቀን፣ ምስሏን እያባረርኩ እያለ፣ አውራ ጣቴን አመመኝ። ዓይኔን ገልጬ አየሁት። የጥፍሩ ጫፍ ነጭ ሆኗል። ሌባ ጣቴ ላይ ክብ ምልክት ወጥቷል። ማንም ሳይነግረኝ ጣቶቼ ሲገፋፉ ቆይተዋል። ዓይኔ ሲታገል እጄም እየታገለ ነበር ማለት ነው። የዓይኔን ትግል ማየት አልችልም፤ በምን አያለሁ? የእጄን ግን ይሰማኛል።

የማይሶር ነገር ትዝ አለኝ። ከአማ ቤት ፎቅ ላይ የምትኖር ልጅ ባራታናትያም ትማር ነበር፤ የደቡብ ህንድ ውዝዋዜ ነው። መምህሯ መጥታ ስታስተምራት ወለሉ በእግራቸው ምት ይንቀጠቀጣል። አንድ ግጥም ደጋግመው ይሉ ነበር። አማ ተረጎሙልኝ። ናንዲኬሽቫራ ከጻፈው አቢናያ ዳርፓና ከተባለ ጥንታዊ የውዝዋዜ መጽሐፍ ነው። እጅ በሄደበት ዓይን ይከተላል፤ ዓይን በሄደበት ልብ ይከተላል፤ ልብ ባለበት ስሜቱ ይኖራል፤ ይላል በግርድፉ። ያኔ ለውዝዋዜ ብቻ የተባለ መስሎኝ ነበር። ጣቴ ነጭ ሆኖ ያየሁ ዕለት ግን ለእኔም እንደሆነ ገባኝ። ቅደም ተከተሉን ገልብጬ ይዤው ነበር። በዓይን ጀምሬ በዓይን ስታገል ነበር። መጀመሪያ እጅ ነው።

ከዚያ ወዲህ የማደርገው ይህ ነው። ዓይኔን ስጨፍን ምስሏን አልፈልጋትም። ሐሳቤን ሁለቱ ጣቶች በሚነካኩበት ቦታ ላይ አደርጋለሁ። እዚያ ትንሽ ሙቀት አለ፤ ጸጥ ካላችሁ የደም ምት ይሰማል። ምስሏ ከፊት ትሁን፣ አልከለክላትም፤ እኔ ግን ጣቴ ጋ ነኝ። ጣቶቼ መገፋፋት ከጀመሩ ማባረር ጀምሬያለሁ ማለት ነው፤ አላላቸዋለሁ። ሲለያዩ እንቅልፍ ወስዶኛል፤ እመልሳቸዋለሁ። በዚህ መንገድ ሰባት ሳምንት ተቀመጥኩ። ሐሙስ ዕለት ቆመች።

ዓርብ ሸሸች። ቅዳሜም። እሑድ እንደገና ቆመች። እንዲህ ነው እንግዲህ።

ስለ መብራቱ ካልጻፍኩ ግማሹን ደበቅኳችሁ ማለት ነው፤ መብራት ላይ ጠንካራ አቋም አለኝ። የስልክ ላይ የሻማ ቪዲዮ አይሁን። ስልኩ ራሱ ሊበትነን የተሠራ ነገር ነው፤ ደግሞ ነበልባሉ ጨለማ ውስጥ ሲታይ ከእውነተኛው ጋር አንድ አይደለም። የሱቅ ሻማ ይሠራል፤ ግን ክሩ ሲረዝም ነበልባሉ ይዘላል፣ ይጨሳል። ከመለኮሳችሁ በፊት ክሩን ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል አስቀርታችሁ ቁረጡት። መስኮት ዝጉ። መብራቱ በዓይናችሁ ቁመት ልክ ይሁን፤ አንገት መድፋት የለም። እኔ በርጩማ ላይ ሁለት ጡብ ደርቤ ነው የማስቀምጠው። ርቀቱ አንድ ክንድ ተኩል ገደማ።

ከሁሉም የምወደው ግን የቅቤ መብራት ነው። ማይሶር ውስጥ ትንሽ የሸክላ ጽዋ ውስጥ የተነጠረ ቅቤ ይደረግና የጥጥ ክር ይቆምበታል። ነበልባሉ አጭር፣ ወፍራም፣ የረጋ ነው። አይጨስም ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ ስመጣ ያን መብራት ልሥራ አልኩ። የእኛ ንጥር ቅቤ ኮረሪማና ኮሰረት ስላለበት ይንጫጫል፤ ቤቱንም ወጥ ወጥ ያሰኘዋል። ቅመም ሳይገባበት የተነጠረ መሆን አለበት። ቅቤ ደግሞ ዋጋው የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ፣ በቅቤ አበራለሁ፤ በሌላው ቀን በምግብ ዘይት።

መጀመሪያ ላይ ጧፍ ሞክሬ ነበር። ቀጭን ነው፣ የሰሙም ሽታ ደስ ይላል። እማዬ አየችኝ። «ጧፍ የስዕለት ነው፤ ለዚህ አይሆንም» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ፊቷን ግን አየሁት። በማግስቱ ተውኩት። ብዙዎቻችሁ ስለዚህ ነገር በውስጥ ትጠይቁኛላችሁ፤ ከእምነታችን ጋር እንዴት ነው እያላችሁ። እኔ የማደርገውን ሁሉ ሄጄ ለንስሐ አባቴ በግልጽ ነግሬያቸዋለሁ። ያሉኝ የእኔና የእሳቸው ነው። እናንተም ሳትደብቁ የምታምኑትን ሰው ጠይቁ። ተደብቆ የሚሠራ ነገር ልብን አያሳርፍም፤ እኔ ለአራት ወር በር ቆልፌ ሞክሬዋለሁ።

ያልቻልኩትን ደግሞ ልንገራችሁ። የአፍንጫ ጫፍን ማየት አልቻልኩም። ባጋቫድ ጊታ በተባለው የሂንዱ ቅዱስ መጽሐፍ ምዕራፍ 6 ቁጥር 13 ላይ አምላኩ ክሪሽና ጦረኛውን አርጁናን ገላን፣ ራስንና አንገትን ቀጥ አድርገህ፣ የአፍንጫህን ጫፍ እያየህ፣ ወዲያ ወዲህ ሳታይ ተቀመጥ ይለዋል። ሁለቱን ዓይን ወደ ውስጥ የሚስቡት ጡንቻዎች ሲሠሩ ነው ይህ የሚሆነው፤ የእኔዎቹ በሃያ ሴኮንድ ይዝላሉ፤ ነገሩ ሁሉ ሁለት ሁለት ሆኖ ይታየኛል። የጥንቱን የህንድ ፈላስፋ የሻንካራን ማብራሪያ ሳነብ ትንሽ ተጽናናሁ። እሱ «እንደሚያይ ሆኖ» ተብሎ ይወሰድ ይላል፤ የተፈለገው አፍንጫው ሳይሆን የዓይን መርጋት ነው፤ አፍንጫው ከሆነማ ልብም አፍንጫ ላይ በቀረ ነበር። ስለዚህ የዓይኔን ቆብ ከፊል ዝቅ አድርጌ፣ ወደ አፍንጫዬ አቅጣጫ ዝም ብዬ እተወዋለሁ። ግን እውነቱን ለመናገር የሻንካራን ማብራሪያ ለስንፍናዬ መሸሸጊያ እያደረግኩት እንደሆነም ይሰማኛል። የሚችል ሰው ካለ እንዴት እንደጀመረ ይጻፍልኝ።

የቅንድብ መሀል ማየትን፣ ሻምባቪ የሚሉትን፣ ለጀማሪ አልመክርም። ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ በሦስተኛ ቀኑ አሳየሁት። እኔ ራሴ በወጉ ሳልችለው። ሁለት ቀን ራሱን አመመው፤ ከዚያ ወዲያ አልተቀመጠም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ነግሬዋለሁ፣ ይቅርታም ጠይቄዋለሁ። እሱ ረስቶታል፤ እኔ አልረሳሁትም። ከዚያ ወዲህ ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ ጣቱን ብቻ ነው የማሳየው።

ለምትጀምሩ፦ ግላኮማ ያለባችሁ፣ የሚጥል በሽታ ያለባችሁ፣ ማይግሬን የሚነሳባችሁ ነበልባል አትዩ። ግድግዳ ላይ ጥቁር ነጥብ ብትሠሩም መጀመሪያ ሐኪም ጠይቁ። ኮንታክት ሌንስ አውልቁ። መነጽር የምታደርጉም አውልቁት፤ ነበልባሏ ብትደበዝዝባችሁ አትጨነቁ። ከአሥር ደቂቃ በላይ አትሂዱ። ስትጨርሱ መዳፎቻችሁን አሻሽታችሁ አሙቃችሁ ዓይናችሁ ላይ አሳርፉ፤ አትጫኑ። ስንት ደቂቃ እንደቆያችሁ አትጻፉ። እኔ አሁን ደብተሬ ላይ የምጽፈው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጣቶቼ ተገፋፍተው ነበር ወይስ አልተገፋፉም።

ስለ ክሩ አልነገርኳችሁም። የፋርማሲ ጥጥ ስጠቀልል ይላላብኛል፤ ዘይት ውስጥ ይተኛል፣ ነበልባሉ ይንከባለላል። ባለፈው ወር እማዬ በር ላይ ቆማ ስታየኝ ቆየች። ከዚያ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ጥጡን ከእጄ ወሰደችው። በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሀል ይዛ፣ ሳትጫን፣ አንዴ ብቻ አሾረችው። እንዝርት ስታሾር ያደገች እጅ ናት። ክሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጣቶቿን አየኋቸው፤ ጥፍሯ ነጭ አልሆነም። ስለምሠራው ነገር ምንም አላለችም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። ከዚያ ወዲህ እሑድ ማታ ማታ ሰባት ክር ጠቅልላ በቡና ሲኒ ማስቀመጫው ላይ ታኖርልኛለች። አሁንም እዚያው አሉ፤ ሦስት ቀርተዋል።